አባቱ ብዙ ለሆነው መዝገብ የቆሙት ዋስ

የሰው ልጅ ጠባዩ ሆኖ፣ ልባም አንባቢ ሆይ፣ ባለቤቱን የሚያውቀውን ነገር ያምነዋል፤ ባለቤቱን የማያውቀውን ግን፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠቀምበት ቢኖር እንኳ፣ በጥርጥር ዐይን ይመለከተዋል። በሩን የሚያንኳኳበት፣ ሲከፋው የሚወቅሰው፣ ሲቸግረው ደጅ የሚጠናው ጌታ ያለው ዕቃ፣ ዋጋው የከበደ ውሉም የጠበቀ ቢሆን፣ ልቡን ያሳርፍለታል፤ የሁሉ የሆነውን ግን የማንም እንዳልሆነ ይቈጥረዋል። ይህም ከስንፍና ብቻ የመጣ አይደለም፤ ከብዙ መከራ የተቀዳ ጥበብ አለበት፤ የጋራ በሬ ሲታረስበት ጌታው ብዙ፣ ሲታመም ግን ጠባቂው ጥቂት ነውና። ሆኖም መንገዱን ማን እንደጠረገው ሳንጠይቅ እንሄድበታለን፤ እሳት ከጎረቤት ስንጭር የመጀመሪያውን ለኳሽ ስም አንመረምርም፤ ይህን የምንነጋገርበትን ቋንቋ ያወረሱን አባቶችና እናቶች እንኳ ስማቸው በአንድም መዝገብ አልሰፈረም፤ በዓመት በዓመቱም ፈቃድ አሳድሱ ብለው አላስጨነቁንም። እንግዲህ የሁሉ የሆነ ነገር ዋስ ያሻዋል ወይስ አያሻውም? ሊቃውንት ቢጠየቁ ጉባኤ ያውሉበት ነበር። በወይን አምባ ሆስፒታል ግን አንዲት የካርድ ክፍል ሠራተኛ ጥያቄውን በአንዲት ፊርማ መለሱት።

እኒህ ሴት ወይዘሮ ይርገዱ ወልደ ሰንበት ይባላሉ፤ ከካርድ ክፍሉ መስኮት ኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት የተቀመጡ፣ ጡረታ ሊወጡ ሦስት ዓመት የቀራቸው፣ ምላሳቸው እንደ ምላጭ የሰላ፣ ልባቸው ግን እንደ ቅቤ የራሰ ነበሩ። የካርድ ቍጥሩ የተጻፈበትን ብጣሽ ወረቀት ጥሎ የመጣውን በሽተኛ «ራስህን ረስተህ አለመምጣትህም ተመስገን ነው» ብለው ከሸነቈጡት በኋላ፣ ያው እሳቸው መሰላል ላይ ወጥተው፣ ከስድሳ ሺህ ካርድ መካከል የርሱን በመልኩና በቀበሌው አስታውሰው መዘው ያወርዱለት ነበር። ይሁን እንጂ የሰው ትዝታ ወሰን አለው፤ የአይጥ ጥርስ ግን ወሰን የለውም። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ እሳቸው የእናታቸውን ተዝካር ሊያወጡ ወደ አገራቸው በሄዱበት ሳምንት፣ ደምለው የሚባል ባላገር ቍጥሩን ጥሎ መጣ፤ ተተኪያቸውም የቀድሞ ካርዱን ፈልጎ ቢያጣ አዲስ ካርድ አወጣለት። በቀድሞው ካርድ ላይ «ይህ የሳንባ መርፌ ጆሮውን እየጐዳው ስለሆነ ዳግመኛ እንዳይሰጠው» የሚል የሐኪም ቃል በቀይ ቀለም ተጽፎ፣ ከመደርደሪያው ኋላ በወደቀበት ሥፍራ ዝም ብሎ ተኝቶ ሳለ፣ መርፌው ዳግመኛ ተሰጠው፤ ደምለውም ሳንባው ዳነ፣ ጆሮው ግን ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ለክትትል በመጣ ቍጥር ከመስኮቱ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ወይዘሮ ይርገዱን ሲያይ እጁን ደረቱ ላይ አኑሮ እጅ ይነሣል። ወቅሷቸው አያውቅም፤ አለመውቀሱም ከማናቸውም ወቀሳ ይልቅ ይከብዳቸው ነበር።

በዚህ ምክንያት ነው የሆስፒታሉ ካርድ ሁሉ ከወረቀት ወጥቶ ወደ ኮምፒውተር ይግባ የሚል ትእዛዝ ከበላይ በመጣ ጊዜ፣ መደርደሪያቸውን እንደ ልጅ ይወዳሉና ይቃወማሉ ተብሎ ሲጠበቅ፣ «አይጥ የማይበላው ይሁን እንጂ በደመናም ላይ ይጻፍ» ብለው ሰውን ያስደነቁት። ክርክሩ የተነሣው ካርዶቹ በሚቀመጡበት የመረጃ ቋት ላይ ነበር፤ ቋት ማለት እልፍ አእላፍ ካርድ በሥርዐት የሚከተትበት፣ በተፈለገም ጊዜ በዐይን ጥቅሻ የሚወጣበት፣ እጅ የማይዳስሰው ጎተራ ነው። ለምርጫ የቀረቡት ሁለት ነበሩ። አንደኛው የአንድ ታላቅ ኩባንያ ንብረት ሲሆን፣ ስሙ የገነነ፣ ወኪሉ በአዲስ አበባ የተቀመጠ፣ ፈቃዱም በየዓመቱ ሐምሌ ላይ የሚታደስ ነበር፤ ውስጡን ግን ከሠሪዎቹ በቀር ያየው የለም። ሁለተኛው ጌታ የሌለው፣ ወይም ጌታው ብዙ የሆነ፣ ከአራቱ ማዕዘነ ዓለም የተጠራሩ፣ ፊት ለፊት ተያይተው የማያውቁ ባለሙያዎች በፈቃዳቸው የደረሱት፣ የሻ የሚወስደው፣ የገባው የሚያርመው፣ ምንጩ ለሁሉ የተከፈተ ነበር። እውነት ለመናገር ሁለቱም ካርድ መጠበቅ ያውቁበታል፤ የሚለያዩት ቍልፉ በማን ኪስ ነው በሚለው ላይ ነበር።

ለምርጫው የተሠየመው ኮሚቴ አምስት ሰው ነበረበት። ሰብሳቢው የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ አቶ መክብብ፣ ቅን፣ ታታሪ፣ ነገር ግን አንድ ጊዜ የተቃጠሉ ሰው ነበሩ፤ ከስምንት ዓመት በፊት ከባሕር ማዶ በስጦታ የመጣው ጄኔሬተር በእልልታ ተተክሎ በአራተኛው ወር ዝም ባለ ጊዜ፣ የሚጠግነው ታጥቶ እነሆ እስከ ዛሬ ከባሕር ዛፉ ሥር ዶሮ ይታቀፍበታል፤ መብራቱ በጠፋበት በዚያ ዕለት በቀዶ ጥገናው ክፍል የእጅ ባትሪ ይዘው የቆሙት እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ስለዚህ ነጻ የሚባል ነገር በሰሙ ቍጥር ትከሻቸው ይሰበቅ ነበር፤ «ያለ ዋጋ የመጣ ያለ ጠጋኝ ይቀራል» የሚለውንም ቃል ራሳቸው አውጥተው ራሳቸው ይጠቅሱት ነበር። በአንጻሩ የኮምፒውተር ባለሙያው ወንድይፍራው፣ ትሑትና ትኵር የሠላሳ አራት ዓመት ጎልማሳ፣ ጄኔሬተሩ የሞተው ነጻ ስለሆነ ሳይሆን ውስጡን የሚያውቅ ስለጠፋ ነው፣ ይህ ቋት ግን ውስጡ ለተማረ ሁሉ የተገለጠ ነው እያለ ይሟገት ነበር። አራተኛው ወይዘሮ ይርገዱ ሆነው፣ አምስተኛው የሐኪሞች ተወካይ ነበሩ፤ እርሳቸውም በየስብሰባው ዘግይተው ገብተው ቀድመው የሚወጡ፣ በመካከሉም ባለው ጊዜ ሰዓታቸውን የሚያዩ ሊቅ ነበሩ። የኩባንያው ወኪል አቶ ምሥጋናው ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተው ሥራቸውን በጨዋ ቃል አስረዱ፤ አላጋነኑም፣ ተወዳዳሪያቸውንም አላሙም፤ አቶ መክብብም እፎይ ብለው ተደላደሉ፤ ሲቸግር የሚደወልለት ሰው በዐይናቸው አይተዋልና።

ነገሩን ያጠበቀው የኮሚቴው ሦስተኛ አባል፣ የሰው ኀይል አስተዳደር ኀላፊው አቶ ጌጤነህ ነበሩ። እኒህ ሰው ደንብን እንደ ዳዊት የሚደግሙ፣ ማኅደራቸው ከብብታቸው የማይለይ፣ ጉቦም ቀልድም የማያውቁ ስለነበሩ፣ የግቢው ውሻ እንኳ በርሳቸው ዘመን ሁለት ዋስ ጠርቶ ነው የገባው እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር። ወንድይፍራው ነጻውን ቋት አስረድቶ ሲጨርስ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «የኩባንያው ቋት ወኪል አለው፤ ወኪሉም ማኅተም አለው። ይኸኛው ግን ነገ ቢጠፋ ማንን ይዤ ልጠይቅ? በዚህ ቤት ዋስ ሳይጠራ መጥረጊያ እንኳ የተረከበ ሰው የለም» አሉ። ወንድይፍራው ሠሪዎቹ በሺህ የሚቈጠሩ መሆናቸውን፣ ችግር ሲገጥምም ከመካከላቸው የሚመልስ እንደማይታጣ ቢገልጽላቸው፣ «ሺህ አባት ያለው ልጅ፣ አቶ ወንድይፍራው፣ አባት እንደሌለው ነው የሚቈጠር» ብለው መለሱለት። ጉባኤው ሳቀ፤ ሐኪሙም ስቀው ሰዓታቸውን አዩ። ወንድይፍራውም ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ፤ ነገሩም ያለቀ መሰለ።

በዚህን ጊዜ ወይዘሮ ይርገዱ ለወኪሉ አንድ ጥያቄ አለኝ አሉ። ጥያቄያቸው በመንግሥት ቤት ያልኖረ ሰው የማያስበው ነበር። በጀት ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል፤ አዲሱ ሐምሌ አንድ ይከፈታል ይባላል እንጂ ገንዘቡ ተለቅቆ ወይን አምባ ሲደርስ ዐደይ አበባ ፈክቶ ነው፤ በዚያ መካከል ባለው ሁለት ወር ተኩል ሆስፒታሉ ክብሪት እንኳ ሊገዛ አይችልም። ፈቃዱ ሐምሌ ላይ የሚታደስ ከሆነና ማሳደሻው መስከረም ላይ የሚገኝ ከሆነ፣ በመካከሉ ካርዶቹ ምን ይሆናሉ? አቶ ምሥጋናው መሸፋፈን ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን ጨዋ ናቸውና አልሸፋፈኑም። «ኩባንያው አንድ ወር ይታገሣል፣ እመቤቴ፤ ከዚያ በኋላ ይቈለፋል። አይጠፋም፤ ግን እስኪታደስ ድረስ አይከፈትም» አሉ። ወይዘሮ ይርገዱም «በነሐሴ የሚመጣው በሽተኛስ?» አሉ። ወኪሉ፣ የሚናገሩት ቃል በዚያ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚመዝን ሳያውቁ፣ «ያን ጊዜ እንግዲህ አዲስ ካርድ ታወጡለታላችሁ» ብለው መለሱ። አዲስ ካርድ! ወይዘሮ ይርገዱ በመስኮቱ አሻግረው ያንን አግዳሚ አዩት፤ ባዶ ነበር፤ እሳቸው ግን እጁን ደረቱ ላይ ያኖረ ሰው አዩበት። ከዚያም ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «የጠፋው ዋስ ብቻ ከሆነ፣ እኔ አለሁ» አሉ።

አቶ ጌጤነህ ቀልድ አያውቁምና እንደ ቀልድ አልወሰዱትም፤ ከማኅደራቸው የዋስትና ቅጽ መዘው አቀረቡ። በሆስፒታሉ ያለው ቅጽ ለሰው የተዘጋጀው ብቻ ነበር፤ ለሌላ ነገር ዋስ የጠራ እስከዚያ ቀን አልነበረምና። ወይዘሮ ይርገዱም ብዕራቸውን አንሥተው ሳያመነቱ ሞሉት፤ ዋስትና ለሚጠራለት ስም በተተወው ሥፍራ «የካርድ ክፍል ቋት»፣ የአባት ስም በሚለው ፊት «ብዙ»፣ የትውልድ ሥፍራ በሚለው ፊት «ዓለም»፣ የጋብቻ ሁኔታ በሚለው ፊት «ያላገባ፣ ለማንም ያልታሰረ»፣ ልዩ ምልክት በሚለው ፊት «ውስጡ ይታያል» ብለው ጻፉ። አቶ ጌጤነህ ጉርድ ፎቶግራፍ የሌለው ቅጽ ዋጋ የለውም ቢሉ፣ የራሳቸውን ሁለት ፎቶግራፍ ከቦርሳቸው አውጥተው አንዱን በዋሱ፣ አንዱን በቋቱ ሥፍራ ለጠፉ፤ «እሱ ሲጠፋ የምትፈልጉት እኔን ስለሆነ፣ መልኩ ይኸው ነው» አሉ። ከቅጹ ግርጌ፣ ዋስ የተጠራለት ቢጠፋ ወይም ቢያጠፋ ዋሱ ከሥራ እስከ መሰናበት እንደሚጠየቅ ተጽፎ ነበር፤ አቶ መክብብ ይህን በጣታቸው እያሳዩ፣ ሦስት ዓመት የቀረውን ጡረታ በማይዳሰስ ነገር ላይ አያስይዙ ብለው እንደ ወንድም ለመኗቸው፤ እሳቸው ግን ፈረሙ። ደንቡ የሚጠይቀው ሁለት ዋስ ነበር፤ ወንድይፍራው ልፈርም ቢል ራሱ የሚይዘው ንብረት ስለሆነ ተከለከለ፤ ሐኪሙ ሰዓታቸውን አዩ፤ ሌላውም መሬት መሬት አየ። ስለዚህ ሁለተኛው መስመር «ወደፊት ይሟላል» ተብሎ ባዶውን ቀረ፤ ምርጫውም በአንዲት ሴት ፊርማ ጸደቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወይዘሮ ይርገዱ ያወቁት አንድ ነገር ነበር፤ ዋስነት በወረቀት ላይ ይጀመራል እንጂ በወረቀት ላይ አይፈጸምም። ወንድይፍራውን ጠርተው፣ «ልጄ፣ አንተም እንደ ሌሎቹ ትሄዳለህ፤ በዚህ ከተማ የተማረ ሰው ሦስት ክረምት አይከርምም፤ ይህን አውቄ ነው የፈረምኩት። ስትሄድ ሙያህን እዚህ ጥለህልኝ ሂድ» አሉት። እሱም አላመነታም። እሳቸውና ምክትላቸው ጽጌ፣ እሷም ባለትዳርና የአርባ ዓመት ሴት ናት፣ ዘወትር ዓርብ ከሰዓት በኋላ በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ለልምምድ የተጫነውን ቋት ሆን ብለው ይጥሉታል፤ ከዚያው ከራሱ መጠባበቂያ ቅጂም መልሰው ያነሡታል። ወይዘሮ ይርገዱ እያንዳንዱን እርምጃ በገዛ ቃላቸው በደብተር ጻፉት፤ «እዚህ ላይ ቀይ ጽሑፍ ቢመጣ አትደንግጪ፣ ይጮኻል እንጂ አይናከስም» የሚል ይገኝበታል። ስድሳው ሺህ ካርድ ወደ ቋቱ ሲገባም የጠፉትን ከመደርደሪያው ኋላ እየለቀሙ፣ የአንድን ሰው ሁለት ካርድ አንድ እያደረጉ አስገቡ። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። በሁለተኛው ሰኔ ወንድይፍራው የተሻለ ሥራ አገኘና፣ እንደ ተነገረው ትንቢት፣ ሄደ።

በዚያው ነሐሴ፣ በአንድ ማክሰኞ ማለዳ፣ ሰማዩ ተሰንጥቆ መብረቅ የሆስፒታሉን ምሶሶ መታ፤ መብራቱ ወዲያው ቢመለስም ቋቱ ያለበት ሰርቨር አንድ ጊዜ ጢሶ ዝም አለ። በመስኮቱ ፊት ከሰማንያ የማያንስ ሰው ተሰልፏል፤ ከአግዳሚው ጫፍ ላይ ደምለው ተቀምጧል፤ ከሁካታው አንዳች አይሰማምና ብቻውን ሰላም ነበር። ከሐኪሞቹ አንዱ ለጊዜው አዲስ ካርድ ይውጣ ቢሉ ወይዘሮ ይርገዱ፣ ድንገተኛ የሆነ በብጣሽ ወረቀት ይታከም፣ አዲስ ካርድ የሚባል ቃል ግን በዚህ መስኮት አይገባም አሉ። ከጽጌ ጋር አሮጌውን ኮምፒውተር አውጥተው፣ የማታውን መጠባበቂያ ቅጂ ሰክተው፣ ደብተሩን ዘርግተው ሥራ ጀመሩ። ገና ሁለተኛውን ገጽ ሳይገልጡ አቶ ጌጤነህ ማኅደራቸውን በብብታቸው አድርገው ገቡ፤ ከጥግም ወንበር ስበው ተቀመጡ። ወይዘሮ ይርገዱ አዩአቸው፤ ዋሱን ሊይዙ እንደመጡ አልተጠራጠሩም። ሠላሳ ሦስት ዓመት የተቀመጡበት ወንበር በዚያች ቅጽበት እግሩ የሚገዘገዝ መሰላቸው፤ እጃቸውን ግን ከሥራው አላነሡም።

ቅጂው ሊነሣ ሲል ቀይ ጽሑፍ መጣ፤ በደብተሩም ውስጥ የሌለ ነበር። ደጋገሙት፤ ደጋግሞ እምቢ አለ። ለወንድይፍራው ቢደውሉ ከአገልግሎት ክልል ውጭ ሆነ። አቶ መክብብ፣ ያ የእጅ ባትሪ ይዘው የቆሙበት ዕለት ፊታቸው ላይ እየታየ፣ ከበሩ ላይ ሆነው ያዩ ነበር። ያን ጊዜ ወይዘሮ ይርገዱ ጽጌን፣ «አባቶቹን ጥሪያቸው» አሏት። ጽጌም የቋቱ ሠሪዎች በኢንተርኔት ወደሚገናኙበት አደባባይ ገብታ፣ ከትምህርት ቤት በቀረላት እንግሊዝኛ፣ የሆስፒታል ካርድ መሆኑን፣ ሕዝብም ቆሞ መጠበቁን፣ ቀዩንም ጽሑፍ ሳታስቀር ጻፈች። ሰዓት ሳይሞላ አገሩን የማያውቁት፣ ፊቱን የማያዩት አንድ ሰው መለሰ፤ ቅጂው ደኅና ነው፣ ጥፋቱ የአሮጌው ኮምፒውተር ነው፤ በርሱ ላይ ያለው ቋት ቅጂው ከተወሰደበት ያረጀ እትም ስለሆነ፣ አስቀድማችሁ እትሙን አድሱ፣ ከዚያ አንሡት፤ ለበሽተኞቻችሁም ምሕረት ይሁን የሚል ነበር። ወይዘሮ ይርገዱ ግንባራቸውን መቱ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓርብ ዓርብ በገዛ ቅጂው ሲለማመዱበት የኖሩትን ኮምፒውተር አንድ ቀን ማሳደስ አላሰቡም ነበርና፤ የጠባቂ ስሕተት ሁልጊዜ በየዕለቱ ከሚነካው ነገር ውስጥ ነው የሚሸሸገው። በነሐሴ፣ በጀት በተዘጋበት፣ ክብሪት በማይገዛበት ወር፣ ማንም ፈቃድ ሳይጠይቃቸው፣ ማንም ማኅተም ሳያስመታቸው፣ አዲሱን እትም አወረዱ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መዝገቡ ተነሣ። ወይዘሮ ይርገዱ በመጀመሪያ የጻፉት ስም የደምለውን ነበር፤ ያችም ቃል፣ ዐሥራ አራት ዓመት የዘገየችው፣ ከነቀይ ቀለሟ ወጣች፦ ይህ መርፌ ዳግመኛ እንዳይሰጠው። አሻግረው ወደ አግዳሚው አዩ፤ እሱም እጁን ደረቱ ላይ አኑሮ እጅ ነሣ፤ እሳቸውም ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በኀፍረት አንገታቸውን ሳይደፉ እጅ ነሡት።

ሰልፉ መንቀሳቀስ ሲጀምር አቶ ጌጤነህ ተነሥተው ማኅደሩን ከጠረጴዛው ላይ ዘረጉ፤ ሁለቱም ፎቶግራፎቿ የአንዲት ሴት የሆኑት ያች ቅጽ ወጣች። ወይዘሮ ይርገዱም ስድስት ሰዓት ሙሉ የጠበቁትን ነገር ለመገላገል፣ «በሉ፣ መዝገቡ ቢነሣም ጠፍቶ ውሏል፤ የት ላይ ነው የምፈርመው?» አሉ። አቶ ጌጤነህ መነጽራቸውን አወለቁ። «እርስዎ ፈርመዋል። ሁለተኛው መስመር ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ባዶ ነው፤ በዚህ ቤት ደንብ ያፈረስኩት እኔ ነኝ» ብለው ስማቸውን ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ከደረት ኪሳቸውም ጉርድ ፎቶግራፍ አውጥተው ለጠፉ። ወይዘሮ ይርገዱ ፎቶግራፉን አየት አድርገው፣ ጠጕሩ ያልሸበተውን የድሮውን ጌጤነህ ዐውቀው፣ ይህ ሐሰተኛ ማስረጃ ነው ሊሉ ምላሳቸው ተንቀሳቅሶ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ነገር ታሰባቸውና ተዉት፤ አቶ ጌጤነህ ከወንበራቸው ሳይነሡ ነው የዋሉት፤ ፎቶግራፉም ኪሳቸው የገባው ማለዳ፣ መዝገቡ ገና ሙት ሳለ ነበር። የሁሉ የሆነውን ነገር ከመጥፋት የሚያድነው፣ ከሁሉ መካከል ተነሥቶ «የኔ ነው» ሳይል «እኔ አለሁ» የሚል ሰው ነው።